ያደረ ውሃ

ንግግሩን የሰማው በልጅነቱ ነው፤ ያውም ግማሹን ብቻ። ጸሐዬ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት አልገባም ነበር። በባቡር ጣቢያው ከቆመ ፉርጎ ሥር ባለች ጥላ ተጋድሞ አባቱ ሥራ እስኪፈታ ይጠብቃል። አባቱ የፉርጎ ጎማ በመዶሻ እየመታ ድምፁን የሚያዳምጥ ሠራተኛ ነበሩ። ደህናው ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ደግሞ ጉሮሮው እንደታነቀ ሰው ያፍናል። ያን ቀን ግን ወሬው የጎማ አልነበረም። ደምመላሽ ከሚባሉ ባልደረባቸው ጋር ከጣቢያው የውሃ ታንከር አጠገብ ቆመው ይሟገታሉ።

«ቀዳዳው የት ነው ታዲያ?»

«ቀዳዳ የለውም አልኩህ እኮ!»

«ቀዳዳ ከሌለው ውሃው የት ይሄዳል? ተነ?»

አባቱ ሳቁና አንድ ነገር መለሱ። ልክ በዚያች ቅጽበት ባቡሩ ጮኸና መልሱን ይዞት ሄደ። ጸሐዬ የሚያስታውሰው ደምመላሽ ከት ብለው መሳቃቸውንና ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን ማከካቸውን ነው። ወይም ያከኩት አባቱ ነበሩ። ዘመን ሲረዝም ትዝታ እንደ ታጠበ ከፋይ ነው፤ ቀለሙ ይቀራል፣ አበባው አይለይም። ኋላ አድጎ ሲጠይቃቸው አባቱ እንዲህ ያለ ጨዋታ መኖሩንም ረስተውት ነበር።

ዛሬ ጸሐዬ ራሱ ጠጉሩ ገብስማ ሆኗል። ከባቡሩ መስመር መጨረሻ ባለችው የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 1 በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ግቢ በር ላይ፣ ላውንደሪ አለው፤ ሁለት ማጠቢያ ማሽን፣ አንድ ረጅም የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ከግድግዳው ላይ የገብርኤል ሥዕል። የወደብ ሠራተኞች ቱታ፣ የሆቴል አንሶላ፣ የጸሐፊዎች ነጭ ሸሚዝ ያጥባል። ከማሽኖቹ ጀርባ ባለው ክፍል ከሚስቱ ከዓለምነሽ ጋር ይኖራል። ግቢው የሐጂ ዓብዱሰመድ ነው። ሐጂ ወላጆቹ ከድሬዳዋ የመጡ ጨርቅ ነጋዴ ሲሆን፣ ሱቁ ከላውንደሪው ጎን፣ ከሚስቱ ከሱሪያ ጋር የሚኖርበት ቤት ከግቢው ጥግ ነው። ከወዲያ ማዶ ባለችው አንድ ክፍል ደግሞ ሳምቡሳ ጠብሳ የምትሸጥ ቦንቱ የምትባል ሴት አለች። ሦስቱም ቤት ውሃ የሚቀዳው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከግቢው ወለል ሥር ከተቆፈረው ማጠራቀሚያ። እዚህ አገር ሰው ሁሉ በፈረንሳዩ ስም ሲቴርን ይለዋል።

ድርቁ ከገባ ወዲህ የከተማው ውሃ ማለዳ ብቻ፣ ያውም ሲፈልገው እየዘለለ ይመጣል። የመጣ ቀን ሲቴርኑ ሲሞላ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ግን ባልዲ ሲወርድ ሲሚንቶውን ይጭረዋል። በቀድሞው ጊዜ አንድ ሙሌት ለሦስት ቤት ተርፎ ያድር ነበር። አሁን ዓይን እያየው ያልቃል።

እናም አንድ ቀን፣ ጫቱ ከተማ ከመግባቱ በፊት ባለው ሰው በማይናገርበት ሰዓት፣ ሐጂ ዓብዱሰመድ ላውንደሪው በር ላይ ቆመ። ጸሐዬ ካውያውን አነሣ። ሐጂ በዚህ ሰዓት ከመጣ ነገሩ ከባድ ነው።

«አቦ ጸሐዬ፣ ይህን ነገር ሳላመነዥከው ልንገርህ። ውሃው አልበረክት አለ። ማሽኖችህ ይጠጡታል።»

«ሐጂ፣ እኔ እኮ የመጨረሻውን እጣቢ ለሚቀጥለው ልብስ መጀመሪያ ነው የማደርገው። ድርቁ ከመጣ ጀምሮ አንድ ጠብታ በከንቱ...»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ጻድቅ ነህ። ግን ላውንደሪ ላውንደሪ ነው። ሳምቡሳ ነው የሚጨርሰው ልበል? እስከ ወሩ መጨረሻ ቦታ ፈልግ። ከከተማው ዳር፣ ባልባላ ሰፊ ነው።»

«ባልባላ ውሃ በአህያና በቦቴ ነው የሚመጣው። ደንበኞቼም እዚህ ናቸው። እዚያ ሄጄ ምን ላጥብ፣ አቧራ?»

ሐጂ መሬት መሬት አየ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ አለመሆኑ ነው ነገሩን ያከበደው። አብረው ያረጁ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን አባት ቀብሯል።

«ሱሪያ ለሶላት መታጠቢያ፣ ለውዱእ፣ ውሃ አጣሁ እያለች ጠዋት ማታ ትነዘንዘኛለች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምን ላድርግ?»

«የት እንደሚሄድ ልፈልግ» አለ ጸሐዬ።

«ምኑን?»

«ውሃውን። የምጠቀመውን እኔ አውቀዋለሁ፤ በእኔ ብቻ እንዲህ አያልቅም። ወሩ እስኪያልቅ ልፈልግ። ካገኘሁት...»

«ካገኘኸው ማሽንህን ማን ይነቅላል! ካላገኘኸው ግን አትቀየመኝ።»

እንዲያ ተባባሉ።

ለሰው ሊባል የማይገባው ነገር ቢኖር፣ ጸሐዬ ከፍርሃቱ ይልቅ ጉጉቱ በለጠበት። እንጀራው ሊቆረጥ ነው፤ እሱ ግን እንደ ልጅ ልቡ ቆሟል። ቀዳዳ የሌለው ውሃ የት ይሄዳል? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከቧንቧው ጀመረ። ከአባቱ ዓይቶ የተማረው ነው፤ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ አንዱን ጫፍ ከቧንቧው፣ ሌላውን ከጆሮው ያስደግፋል። የሚያፈስ ቧንቧ ካለ ሲተነፍስ በእንጨቱ በኩል ይሰማል። ከበሩ ቆጣሪ ጀምሮ በግድግዳው ሥር እየተንበረከከ ሄደ።

ቦንቱ ሊጥ እየዳመጠች ታየዋለች።

«ጋሽ ጸሐዬ፣ ምን አለህ ቧንቧው?»

«ዝም ብሏል።»

«ዝም ካለ ወንድ ነው። ሴት ብትሆን እስካሁን የግቢውን ጉድ ሁሉ ታወራልህ ነበር።»

«እሷን አንቺ ቀድመሻታል» አላትና ወደሚቀጥለው ክንድ ተሳበ።

ቧንቧው በሙሉ ዝም ነበረ። የሲቴርኑን ግድግዳም፣ ውሃው ባለቀ ጊዜ ወርዶ፣ በባትሪ እያበራ በእጁ ዳሰሰ። ስንጥቅ የለም፤ የረጠበ አፈር የለም። ወጣና ግቢው መሃል ተቀምጦ ብዙ አሰበ። ሰው ይሰርቃል እንዳይል በሩ ማታ በቁልፍ ነው። ተነ እንዳይል ክዳኑ የብረት ነው።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣለት። ውሃ በመጣ ቀን ላውንደሪውን ቢዘጋውስ? አንድም ማሽን ሳይዞር ውሃው ሲቴርኑ ውስጥ ካደረ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ለሐጂ እጁን ይሰጣል። ሳያድር ከቀረ ግን ሌላ ነገር አለ። ዓለምነሽ ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውሃው ካደረ በራስህ ላይ ልትፈርድ ነው?»

«ማወቅ ይሻላል።»

«አንተ ከድሮም ማወቅ ይሻልሃል። መብላት መች ይሻልሃል!»

ውሃው የሚመጣበት ቀን ሲደርስ ማሽኖቹን ሳይነካ፣ በጨለማው ላውንደሪ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ውዳሴ ማርያሙን በልቡ ይደግማል። ከመስጊዱ የንጋቱ ሱብሒ አዛን ካበቃ ትንሽ ቆይቶ ቧንቧው አስነጠሰ፣ ሳለ፣ ከዚያ ውሃው ወደ ሲቴርኑ መውረድ ጀመረ። ሌላ ጊዜ ይህች ሰዓት ማሽኖቹን የሚያስነሣባት ናት፤ ጩኸታቸው ቤቱን ይሞላዋል። ዛሬ ግን ጸጥታ ነው። በጸጥታው ውስጥ፣ ከወንበሩ እግር ሥር፣ በቆየባቸው ዓመታት ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ ሰማ።

ከወለሉ በታች ውሃ ይሄዳል። ጉር፣ ጉር፣ ጉር። እንደሚቸኩል ሰው።

ጸሐዬ ጸሎቱን አቋረጠ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው። ሲቴርኑ በዚያኛው ወገን ነው። ከእግሩ ሥር ያለው የፍሳሽ ቱቦ ነው፤ የግቢውን እጣቢ ሁሉ ሰብስቦ ወደ መንገዱ የሚያወጣው። ግን በዚህ ማለዳ ማን አጥቦ፣ ማን ሳህን አለቅልቆ? ገና ሰው ከእንቅልፉ ዓይኑን አልገለጠም። የሚመጣበትን ቧንቧ ስንት ቀን ሲያዳምጥ፣ የሚሄድበትን አንድ ቀን አላዳመጠም።

ወጣና የፍሳሹን ክዳን አነሣ። አሸተተ። ሳሙና የለውም፣ ዘይት የለውም። ጣቱን ነከረ፤ ቀዝቃዛ ነው። ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ዘገነ፤ በመጀመሪያው ብርሃን ከመስታወት የጠራ ውሃ ነበረ። ግቢው በጥም እያለቀ፣ ከሥሩ ንጹሕ ውሃ እንደ ጅረት ወደ መንገድ ይሮጣል!

ፍሳሹ ላይ ሦስት ቱቦዎች ይገጥማሉ፤ አንዱ ከሐጂ ቤት፣ አንዱ ከቦንቱ፣ አንዱ ከራሱ። ጎንበስ ብሎ አያቸው። ሦስቱም ያፈሳሉ።

ከማን ልጀምር አላለም፤ ወደ ራሱ ቤት ሮጠ። ዓለምነሽ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ሰማያዊውን በርሜል ወደ ጎን አጋድላለች። ውሃው ወደ መታጠቢያው ቀዳዳ እየተገለበጠ ይወርዳል።

«ዓለሜ! ምን እየሠራሽ ነው?»

ደነገጠች። «አስደነገጥከኝ! ምን ልሥራ፣ ያደረ ውሃ ልድፋ እንጂ።»

«ምን?»

«ያደረ ነዋ። አዲሱ መጣ እኮ፤ አትሰማም? በርሜሉን አለቅልቄ አዲሱን ልሙላ። አሮጌው ላይ አዲስ ይጨመራል እንዴ?»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርጊው?»

«አንተ ማሽንህን ስታስጮህ መች ትሰማለህ?» አለችና ፊቱን አይታ በርሜሉን ቀስ ብላ አቆመችው። ግማሹ ሄዷል። «ምነው? ምን ሆንክ?»

ጸሐዬ ደፉ ላይ ተቀመጠና ሳቀ። ሳቁ አላቆም ብሎት ዓይኑ አነባ። ከዚያ ነገሩ ገብቶት ሳቁ ተወው።

ቀድሞ ውሃ ያለማቋረጥ በሚመጣበት ዘመን ማንም በርሜል አልነበረውም። ድርቁ ሲመጣ ሁሉም ፈራ። ቦንቱ አንድ በርሜል ገዛች፤ ዓለምነሽ ሁለት። ሱሪያ ደግሞ ቤተሰቧ ሰፊ ስለሆነ ኩሽናዋን በበርሜልና በጀሪካን አጠረችው። ፍርሃት ያልጠጣውን ውሃ ያጠራቅማል። ውሃ ሲመጣ በየበርሜሉ ያልተነካ ውሃ አለ፤ አዲሱ ግን የበለጠ ንጹሕ፣ የበለጠ ጣፋጭ ይመስላል። ስለዚህ አሮጌው ይደፋል፣ አዲሱ ይሞላል። ሲቴርኑ ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚሆነው ሰው ስለጠጣው አይደለም። ያልጠጣውን ስለቀየረው ነው። በየቤቱ ያለው ሰው ሁሉ «የእኔ አንድ በርሜል ብቻ ነው» ይላል፤ ሦስቱ ቤት አንድ ሲቴርን ነው።

በዚያ ቀን፣ ላውንደሪው ተዘግቶ ውሎ፣ ባልዲው ከሰዓት በኋላ ሲሚንቶውን ጫረ። ጸሐዬ መልሱ እጁ ውስጥ ገብቷል። አሁን አንድ ቃል ለሐጂ ቢናገር ማሽኖቹ ይቀራሉ። ግን ያ ቃል ምንድን ነው? «ሚስትህ ናት» ነው። ከሁሉ ብዙ በርሜል ያለው እዚያ ቤት ነው። ጠዋት ማታ ውሃ አጣሁ ብላ የነዘነዘችው ራሷ ናት።

«ሄደህ ለባሏ ብትነግር» አለች ዓለምነሽ፣ የጸሐዬን ሐሳብ እንደ ጽሑፍ እያነበበች፣ «ከሱሪያ ጋር በዚህ ግቢ ዓይን ለዓይን አንተያይም። ልጄን ስወልድ የደረሰችልኝ እሷ ናት፤ ሆስፒታል የወሰደችኝ በራሷ መኪና ነው።»

«ዝም ብልስ ወሩ እያለቀ ነው።»

«ዝም በል አላልኩህም። ለእሷ ንገራት። እኔም እመጣለሁ፤ እኔም ደፍቻለሁ እላታለሁ። የእኔን ጥፋት አስቀድመው፣ የእሷ ይከተላል።»

ሐጂ ሱቁ በሄደበት ሰዓት ሁለቱ ወደ ሱሪያ ቤት ገቡ። ሱሪያ በሰፌድ ሩዝ ትለቅማለች። ዓለምነሽን ስታይ ፊቷ በራ፤ ጸሐዬን ከኋላዋ ስታይ ሻሿን አስተካከለች።

«ግቡ፣ ግቡ። ምነው ሁለት ሆናችሁ? ሽማግሌ ነው? ልጆቼ ገና ናቸው።»

«እትዬ ሱሪያ፣ ለጥያቄ ነው የመጣሁት» አለ ጸሐዬ። «ጥፋት ፍለጋ አይደለም። ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ዓለምነሽ አላስጨረሰችውም። የራሷን በርሜል እንዴት እንደምትደፋ፣ ባሏ እንዴት እንደያዛት፣ ደፉ ላይ ተቀምጦ እንዴት እንዳበደ እያስመሰለች አወራች። ሱሪያ እየሳቀች ሰማች። ከዚያ ሳቋ ዝግ አለ። ሰፌዱን አስቀመጠች።

«እኔም እደፋለሁ» አለች። «ወንድም ጸሐዬ፣ የምትፈልገው ይህን ነው? እደፋለሁ። ወደፊትም እደፋለሁ።»

ጸሐዬ ጆሮውን ሰጣት። ማዳመጥ ለእሱ አዲስ አይደለም።

«ና እስቲ» ብላ ወደ ኩሽናው ወሰደችው። ያልተደፋ አንድ በርሜል ነበረ። ክዳኑን ገለጠችው፤ ጠርዙ የተጣመመ፣ ልክ የማይገጥም ክዳን ነው። «እይ።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ላዩ ላይ ክር የሚያህሉ ትንንሽ ነገሮች ይጥመለመላሉ፤ ጥላው ሲያርፍባቸው ወደ ታች ሸሹ።

«የቢምቢ እጭ ነው። አምና ልጄ ተቅዋ በትኩሳት ስትቃጠል ታስታውሳላችሁ? ሐኪም ቤት ተኝታ ስሟን እንኳ ረስታ ነበር። ኋላ የጤና ሰዎች መጡ። አንድ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ እነዚህን አሳዩኝ። ልጅሽን የነከሳት ከቤትሽ በርሜል ነው የተፈለፈለው አሉኝ። ከቤቴ በርሜል!» ክዳኑን መልሳ ጫነችበት። «ከዚያ ወዲህ እኔ ያደረ ውሃ ሳይ ልጄን ነው የማየው። ሐጂ ይቆጣ፣ ጎረቤት ይጠማ፣ እኔ እደፋለሁ።»

ጸሐዬ ሞኝነት ነው ብሎ የመጣበት ነገር እናትነት ሆኖ ቆየው። ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

ግን ጥያቄ ያደረበት ሰው እንቅልፍ የለውም። ቢምቢዋ ከየት ገባች? በክዳኑ ክፍተት። ክፍተት ባይኖርስ? ውሃ በመጣ ጊዜ ሁለት ባልዲ አዲስ ውሃ ቀድቶ ላውንደሪው በር ጥላ ሥር አስቀመጠ። አንዱን እንዳለ ተወው። ሌላውን ከአሮጌ አንሶላ በቀደደው ነጭ ጨርቅ ሸፈነና አፉ ዙሪያ በሱሪ ላስቲክ ጠበቅ አድርጎ አሰረው። ለማንም ምንም አላለም፤ ወደ መተኮሻው ተመለሰ።

በግቢ ውስጥ ግን ሁለት ባልዲ ያለ ምክንያት አይቀመጥም።

«ጋሽ ጸሐዬ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? አንዱ ሙሽራ ነው?» አለች ቦንቱ፣ የተሸፈነውን በጣቷ እየነካካች።

«ቢምቢ የትኛውን እንደምትወድ ልጠይቃት ብዬ።»

«እሷማ የእኔን ደም ነው የምትወደው። ዘይት ጠግቧል።»

ቦንቱ በየቀኑ ሳምቡሳዋን ይዛ ስትወጣ ታይ ጀመር። ዓለምነሽም ታያለች። በቀጣዩ ቀን ሱሪያ ወደ ሱቅ የምትሄድ መስላ በዚያ በኩል አለፈች፤ ወደ ባልዲዎቹም ዓይኗን ወረወረች። በሚከተለው ቀን ቆመች። በሚከተለው ጎንበስ አለች። ጸሐዬ ከውስጥ ካውያውን እየገፋ ያያታል፤ አይናገራትም።

ሳምንቱ ሳይሞላ ክፍቱ ባልዲ መጥመልመል ጀመረ። ቦንቱ ጮኸች። «ወለዱ! ወለዱ!» ሁሉም ተሰበሰበ። ሱሪያም መጣች። የባልዲውን ክሮች ዓይታ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ የሌላውን ባልዲ ላስቲክ አንሥታ ጨርቁን ገለጠች። ውሃውን ወደ ብርሃን አዘነበለችው። ከግራ አየችው፣ ከቀኝ አየችው። እጅጌዋን ሰብስባ እጇን አስገብታ አማሰለችው።

«ምንም የለም» አለች ለራሷ።

«ምንም የለም» አለ ጸሐዬ።

«ቀን ቢጨመርበትስ?»

«እንጨምርበት። እኔም አላውቅም።»

መልሰው ሸፍነው ቀን ጨመሩበት። ምንም አልወጣም። ሱሪያ በመጨረሻው ቀን መጥታ ስታይ ቆየችና፣ «ለሐጂ እኔ ራሴ ነው የምነግረው፤ አንተ አፍህን እንዳትከፍት» ብላው ሄደች።

ወሩ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ከሰዓት በኋላ፣ ጫቱ ከገባና የሰው ፊት ሁሉ ከተፈታ በኋላ፣ ሐጂ ዓብዱሰመድ ጉንጩ እንዳበጠ ላውንደሪው በር ላይ ቆመ። ሱሪያ ከኋላው አለች። ዓለምነሽና ቦንቱም ሥራ እንዳላቸው አስመስለው ብቅ አሉ።

«አንተ!» አለ ሐጂ። «ሌባው ቤቴ ነበር?»

«የእኔም ቤት ነበር።»

«የእኔም» አለች ቦንቱ። «እኔ ግን ትንሽ ሌባ ነኝ፤ አንድ በርሜል።»

«ዝም በይ አንቺ! ጸሐዬ፣ ባወቅህ ቀን ለምን አልነገርከኝም? ውጣ ብዬህ ነበር እኮ! በአንድ ቃል ትቀር ነበር።»

«ያቺን ቃል ለመናገር ምላሴ እንቢ አለኝ።»

ሐጂ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ሊቆጣ ነው፣ ግን ቁጣው የሚቆምበት ቦታ አጣ። «ቢምቢውስ እሺ። ለውዱእም ያደረ ውሃ አይሆንም ብለሽኛል፤ እንዲህ ያለሽ ማን ነው? የተከደነ ውሃ ማደሩ ምን አጠፋው? ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከእናትህ!» አለች ሱሪያ። «እዚህ ቤት ስገባ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሂድና ሞግታቸው!»

ቦንቱ በሊጥ እጇ አፏን ያዘች። ሐጂ ከእናቱ ጋር ሙግት እንደማይችል ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ እናቱ ከሞቱ ቢቆዩም።

«አላህ ይርሐማት» አለ ቀዝቀዝ ብሎ። «እሺ። ታዲያ አሁን ምን ትላላችሁ?»

ሱሪያ እጇን አጣምራ ቆመች። የምትለውን አስባበት መጥታለች። «እኔ መድፋት የምተወው በርሜሎቼ ሁሉ እንደዚያ ባልዲ ከተሸፈኑ ነው። የእኔ ብቻ አይደለም፤ የቦንቱም፣ የዓለምነሽም። ቢምቢ አጥር አታውቅም። ጨርቁ ጥቅጥቅ ያለ ይሁን፣ ጠንካራ ይሁን። በርሜል ለማጠብ የምቀንሰው ውሃ ቢኖር ደግሞ ወደ ፍሳሽ ሳይሆን ወደ ጸሐዬ ሳፋ ይሄዳል፤ ቱታ ይዘፍዝበት።»

«በደስታ» አለ ጸሐዬ። «የወደብ ቱታ ውሃ አያማርጥም።»

«ጥሩ ነው» አለ ሐጂ። «ሱቅ ውስጥ ቁርጥራጭ አለኝ፤ ከጥቅል ጫፍ የተረፈ...»

«ቁርጥራጭ!» አለች ሱሪያ። «እየገጣጠምኩ ልስፋ? ስፌት ሁሉ ቀዳዳ ነው። ከነጩ ጥቅል።»

«ከነጩ? ያ እኮ ለሠርግ የመጣ ነው! ሰው ልብስ ሊያሰፋበት ነው!»

«ሠርጋችን የተቅዋ መዳን ነው፤ በዚህ ቤት ሌላ ሠርግ የለም።»

ሐጂ ጉንጩ ውስጥ ያለውን ወደ ሌላው አዛወረ። ወደ ባልዲዎቹ ሄደ፤ ክፍቱን አየ፣ የተሸፈነውን አየ። አንሶላውን በነጋዴ ጣት ይዞ አሸት አሸት አደረገው።

«ይህ ራሱ የሳሳ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ይበጣጠሳል።»

«ለዚህ ነው ከነጩ ያልኩህ!»

«በሙሉ በርሜል? የሦስቱም ቤት?»

«የሦስቱም ቤት» አሉ ሦስቱ ሴቶች በአንድ አፍ።

ሐጂ ወደ ጸሐዬ ዞረ፤ ከጎኑ የሚቆም አንድ ወንድ ፈልጎ ነበር። ጸሐዬ ካውያው የሚሞቅ መስሎ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ሐጂ በረጅሙ ተነፈሰ።

«እሺ» አለ። «ነገ ሱብሒ ሰግጄ ሱቁን ስከፍት፣ ደንበኛ ሳይገባ፣ ነጩን ጥቅል አውርጄ በገዛ እጄ እቆርጣለሁ። ለሁሉም በርሜል። ማሽንህም ካለበት አይነቃነቅም። ላስቲኩን ግን፣ አቦ ጸሐዬ፣ ወላሂ እኔ አልሰፋም፤ እሱ የአንተ ነው።»